ልጆቹን ጠይቋቸው

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ አስተርጓሚ ሆና ስትቀጠር አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ነገሯት፤ ከራስሽ አትጨምሪ፣ ከሰውም አትቀንሺ። ሳቅ አለች። ይህን ደንብ ማንም ሳይነግራት የምታውቀው መስሏት ነበር።

የምልክት ቋንቋን የተማረችው ከታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟን በአራት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነፍሱ ስትተርፍ ጆሮው ቀረ። አሁን ጎልማሳ ሆኖ ብረታ ብረት ቤት ይሠራል። የሥራ ባልደረቦቹ ከመቁረጫው ጩኸት ለመዳን ጆሯቸውን በጥጥ ሲወትፉ ይስቅባቸዋል። "እዚህ ቤት ዕድለኛው እኔ ነኝ" ይላል በእጁ። ትምህርቱ ግን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲያወሩ እሱ የሚያየው ጀርባቸውን ነበር፤ ከጀርባ ደግሞ የከንፈር እንቅስቃሴ አይነበብም። ስለዚህ ኮሌጁ መስማት የተሳናት ሠልጣኝ መቀበሉንና አስተርጓሚ መፈለጉን ስትሰማ፣ ሁለት ጊዜ ሳታስብ ሄዳ ተመዘገበች።

በምልክት ቋንቋ ሰው የሚጠራው በመልኩ ወይም በጠባዩ ነው። የሠልጣኟ ስም ጠቋሚ ጣትን ጉንጭ ላይ ጫን አድርጎ ማንሣት ነበር፤ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። አስተርጓሚዋ በቃል ስትጠራት "ስርጉድ" አለቻት፤ ኮሌጁም በዚያው ለመደ።

ስርጉድ ግን ሳቂታ ብቻ አልነበረችም። ቁጡ ናት፣ ችኩል ናት፤ ሰው ሲያዝንላት ደሟ ይፈላል። አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዋ "አይዞሽ፣ የኔ እናት" ብላ ትከሻዋን ብታሻሻት፣ "ምን ሆንኩና?" ብላ በምልክት መለሰች። አስተርጓሚዋም ድምፅዋን ሳትቀይር ደገመችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ አጽናኟም አብራ ሳቀች። የሰው አረማመድ ማስመሰልማ ስርጉድ ተክናበታለች። በተለይ አንድ አንጋፋ መምህር አሉ፣ ለማንም መቶ ሰጥተው ስለማያውቁ ተማሪዎች "ጋሽ ዘጠና ዘጠኝ" የሚሏቸው። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አገጯን ሰቅላ፣ እየቆመች እየሄደች ስትመጣ እሳቸው ራሳቸው ቢያዩ "ይቺ ማን ናት፣ እኔ ነኝ እንዴ?" ሳይሉ አይቀሩም።

ስርጉድ ሦስተኛ ዓመት ስትገባ ኮሌጁ የእኩልነትና የአካታችነት ክፍል የሚባል ከፈተ። ድሮ የተሰባበረ ወንበር የሚከመርበት ክፍል ተጠርጎ ቀለም ተቀባ፤ በሩ ላይም "ሁላችንም የዚህ ቤት ልጆች ነን" የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ኃላፊ የሆነችው ሴት ቅን ናት። በአነጋገራቸው የሚሾፍባቸው ሠልጣኞች ሲያለቅሱ ያሾፉባቸውን ጠርታ ታነጋግራለች፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ አሠርታለች፣ አስተርጓሚዋም ኮንትራቷ እንዲታደስ የተሟገተችላት እሷ ናት። ችግር ይዘውላት ሲመጡ "እንገፋዋለን" ትላለች። ትገፋዋለችም። ነገሩ ግን ዳገት ላይ እንደሚገፋ በርሜል ነው፤ እጇን ያነሣች ዕለት ተንከባሎ ይወርዳል።

የሦስተኛ ዓመት ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ይላካሉ። ስርጉድ ለኮሌጁ ቅርብ በሆነ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ እንድታስተምር ተመደበች። በመጀመሪያው ቀን ስርጉድ ሰሌዳው ፊት፣ አስተርጓሚዋ አጠገቧ ቆሙ። ልጆቹ ግን ሁሉም ድምፅ ወደሚወጣበት፣ ወደ አስተርጓሚዋ አፍ አፈጠጡ። ስርጉድ ነገሩ ገባት። ኖራውን አስቀምጣ፣ አስተርጓሚዋን ክንዷን ይዛ በዴስኮቹ መሃል መራቻትና ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ፣ ግድግዳው ጋ አቆመቻት። ተመልሳ ሄዳም ማስተማር ቀጠለች። ድምፁ ከኋላ እየመጣ፣ ዐይን ግን ወደ ፊት ሆነ። ዘወር ለማለት የሞከረ ቢኖር ስርጉድ አንድ ቅንድቧን ታነሣለች፤ ልጁ አንገቱን ይመልሳል።

ልጅ ቶሎ ለማጅ ነው። ሳይቆዩ ቁጥሮቹን በእጃቸው መቁጠር ቻሉ። "ውጪ ልውጣ"፣ "አልገባኝም"፣ "ድገሚልኝ" ማለትን ለመዱ። ጓደኛቸው ሲመልስ በጭብጨባ ፈንታ ሁለት እጃቸውን አንሥተው እንደ ቅጠል ያርገፈግፋሉ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ቤቷ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ የሆነ፣ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ገና ያልደፈረችው፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም ድምፅዋን አልሰማም። አንድ ጠዋት ስርጉድ "ስድስት ጊዜ አራት?" ብላ ስትጠይቅ ያቺ ልጅ ከመስኮቱ ሥር ብድግ አለችና በጣቶቿ ሃያ አራት አለች። የክፍሉ እጅ ሁሉ ተርገፈገፈ። አስተርጓሚዋ ከኋላ ሆና የምትለው ነገር አልነበራትም፤ ማንም በቃል የተናገረ የለምና።

ከዚያ በኋላ ነው ርዕሰ መምህሩ ያስጠሯቸው። ጠባብ ቢሯቸው ውስጥ አስቀመጧቸውና ወደ አስተርጓሚዋ ዞሩ።

"እኔ በበኩሌ ቅሬታ የለኝም፣ ንገሪያት። አንድ ወላጅ ግን መጥተው ነበር። 'ልጄ ማዕድ ላይ በእጇ ታወራለች፣ ዱዳ ልታደርጉብኝ ነው ወይ?' ይላሉ።"

"ፊትዎ ያለችው እሷ ናት፤ ለእሷ ይንገሯት።"

ርዕሰ መምህሩ ወደ ስርጉድ አየት አደረጉና መልሰው ወደ አስተርጓሚዋ ዞሩ። "እሱማ ነው። ብቻ ለኮሌጁ ማሳወቅ ነበረብኝ፣ አሳውቄያለሁ። ወላጅ ነው፣ ምን ይደረጋል።"

ስርጉድ የተተረጎመላትን በሙሉ አይታ ሲያበቃ ትከሻዋን ሰበቀች። "ልጅቷ ማዕድ ላይ ምን አለች?" ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ በድምፅ አቀረበችው። ርዕሰ መምህሩ አያውቁም ነበር።

ለግምገማው የመጡት ጋሽ ዘጠና ዘጠኝ ናቸው። የኋላ ዴስክ ላይ፣ ከአስተርጓሚዋ ጎን ተቀመጡ። ክፍለ ጊዜው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ልጆቹ ሲወጡ መነጽራቸውን አወለቁና ዐይናቸውን አሹ።

"ትምህርቱ ጥሩ ነበር። የኔ ችግር ማንን እንደገመገምኩ አለማወቄ ነው። የሰማሁት ድምፅ ያንቺ ነው። ማብራሪያው ያንቺ ይሁን የሷ በምን ልወቅ? እኔ ምልክት አላውቅም።"

አስተርጓሚዋ ይህን ለስርጉድ ተረጎመች። መልሱንም እንዳለ ለሳቸው አቀረበች፦ "ይማሩታ።"

ሰውየው ሳይወዱ በግድ ሳቁ። "በዚህ ዕድሜዬ?" አሉ። ከዚያ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። መገምገሚያው "የድምፅ አጠቃቀም" የሚል መስፈርት አለው። እዚያ ላይ ዜሮ መስጠት ኅሊናቸው አልፈቀደም፣ ሙሉ ለመስጠትም አልደፈሩም። ባዶ ተዉት። አንድ መስፈርት ባዶ ከሆነ ደግሞ ልምምዱ እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም፣ መምህርነትም የለም።

ጉዳዩ ለኮሌጁ ኮሚቴ ቀረበ። ኃላፊዋ ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበራትም። "እንገፋዋለን" አለቻቸው ወደ አዳራሹ ሲገቡ፣ የሁለቱንም እጅ ጨበጥ አድርጋ። ዲኑ ረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ ላይ ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ ጥሩ አድርጋ ተናገረች። ለስርጉድ በድምፅ አጠቃቀም ቦታ ሌላ መስፈርት ይተካ፣ ሐሳብን ማስተላለፍ የሚል፤ ድምፅ የሐሳብ ማስተላለፊያ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም አለች። ሁለት ሦስት ራሶች ተነቀነቁ። ጋሽ ዘጠና ዘጠኝ ጭንቀታቸውን ደገሙ፤ ያስተማረችው እሷ ለመሆኗ ማረጋገጫ ይሰጠኝ፣ እኔም በደስታ እፈርማለሁ አሉ። ዲኑም ወደ ስርጉድ ተመልክተው፣ "አንቺስ የምትይው አለሽ፣ ልጄ?" ሲሉ ጠየቁ።

ስርጉድ በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ እጇን አነሣችና በአጭሩ፣ "ልጆቹን ጠይቋቸው" አለች።

አስተርጓሚዋ አየችው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሠራችውን ሥራ መሥራት፣ ያንኑ ሁለት ቃል መናገር ነበረባት። አፏን ስትከፍት ግን ሁለቱ ቃላት ለዚህ ሁሉ የተከበረ ሰው አነሱባት። በቂ አይሆንም ብላ ፈራች። ወንድሟ ታያት፣ የመምህሩን ጀርባ እያየ የተቀመጠው ትንሹ ልጅ። የወጣው ቃል ሌላ ሆነ።

"እኔ እዚህ የደረስኩት" አለች፣ "በብዙ የተዘጋ በር አልፌ ነው። ከኔ በፊት ሰሌዳና ጀርባ ብቻ እያዩ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ልጆች አሉ። እነሱን የሚያስተምር ሰው እንዲኖር ነው የመጣሁት። ዛሬ እኔን ብትመልሱኝ የምትመልሱት እኔን ብቻ አይደለም..." እያለች ቀጠለች። ቃሉ ቃል እየጎተተ መጣላት። ስትጨርስ ኃላፊዋ ዐይኗን በመሐረብ ነካ ነካ አደረገች፤ ዲኑም አቀርቅረው ቀሩ። ለአንድ አፍታ ነገሩ የተሳካ መሰለ።

ጋሽ ዘጠና ዘጠኝ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጅቷ እጇን ያነሣችው ለአንድ አፍታ ነው። አስተርጓሚዋ የተናገረችው ግን አንድ ገጽ ይሞላል።"

"የምልክት ቋንቋ እንደዚያ አጭር ነው እንዴ?" ሲሉ ዲኑ ጠየቁ። ለመንካት አልነበረም፣ ከልባቸው ነው።

ስርጉድ የሰዉ ፊት ሲለዋወጥ አይታ ኖሮ የአስተርጓሚዋን ክንድ ነካች። "ምን አልሽ?" አለቻት።

መዋሸት ትችል ነበር። ለዚያም ጉልበት አጣች። ያለችውን ሁሉ፣ በሩንም ጀርባውንም፣ አንድ ሳታስቀር በእጇ ነገረቻት። ስርጉድ የአስተርጓሚዋን ወንድም ታሪክ ታውቃለች፤ እስከ መጨረሻው አየች። ጉንጯ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ከዚያ በእጇ መለሰች።

"ምን እያላችሁ ነው?" አለች ኃላፊዋ በሥጋት።

አስተርጓሚዋ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። "እኔ ይህን አላልኩም" አለች በስርጉድ ቦታ ሆና። "እኔ ያልኩት፣ ልጆቹን ጠይቋቸው፣ ነው።"

ጋሽ ዘጠና ዘጠኝ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው አይመስሉም። "አሁንስ ይቺን ያለችው የትኛዋ ናት?" አሉ። "እንግዲህ እኔ የፈራሁት ይህንን ነበር።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያንን ቃል መልሶ የሚሰበስበው አልተገኘም። የስርጉድ ልምምድ "ሊረጋገጥ ያልቻለ" ተባለ። የመስፈርቱ ጉዳይ ለበላይ አካል እንዲላክ፣ እስከዚያው ልጅቷ ባዶ እጇን እንዳትወጣ የቤተ መጻሕፍት ረዳትነት የምስክር ወረቀት እንዲሰጣት ተወሰነ። ውሳኔውን ለስርጉድ የነገረቻት አስተርጓሚዋ ናት፤ ሌላ ማን አለና። "ሊረጋገጥ ያልቻለ" የሚለውን በእጇ ስትለው ጣቶቿ የሷ አልመስል አሏት። ልጆቹን የጠየቀ ሰው የለም።

በማግስቱ የኃላፊዋን በር አንኳኳች።

"እኔን አባርሩኝ" አለቻት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ አስተርጓሚ ይምጣና ግምገማውን ትድገመው።"

"ሌላ ከየት ይመጣል፣ እህቴ? አንቺን ለማግኘት እንኳ ስንት ደጅ ጠንቻለሁ።" ኃላፊዋ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። "ምነው ግን? ዝም ብለሽ ብትተረጉሚ ምን ነበረበት?"

"እንጃ። ያነሰባቸው መሰለኝ።"

ወደ ጋሽ ዘጠና ዘጠኝም ሄደች። ወንበር ስበው አስቀመጧት። ክፍል ውስጥ የተናገረችው እያንዳንዱ ቃል የስርጉድ እንደነበረ ነገረቻቸው። "አምንሻለሁ" አሏት። "እኔ ማመኔ ግን ማርክ አይሆንም። ትናንትም አምኜሽ ነበር፣ እጇን እስካይ ድረስ።" የበላይ አካል መልስም ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ኃላፊዋ ትደውላለች፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው ይሏታል።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ድንች እየላጠ ነበር። ፊቷን አይቶ ቢላዋውን አኖረና "ምን ሆንሽ?" አላት። ነገረችው። ይቆጣልኛል፣ ኮሌጁን ይራገምልኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ሱቅ ስንሄድ ትዝ ይልሻል?" አላት። "ባለሱቁ ምን ልስጥህ ሲለኝ አንቺ ትመልሺልኝ ነበር። ሐኪሙ የቱ ጋ ያምሃል ሲል አንቺ ትመልሻለሽ። ያመመኝ ሌላ ቦታ የነበረ ጊዜም አለ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ለማን ልንገር? የሚናገርልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።"

ይህን ብሎ ድንቹን መላጥ ቀጠለ። አልተቆጣም፣ እንደ ተራ ነገር ነው የነገራት። እሷ ግን ልብሷን ሳትቀይር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ስንት ቦታ፣ ስንት ጊዜ እንደመለሰችለት ለማስታወስ ብትሞክር መጨረሻው አልታይ አላት።

ቀሪዎቹን ሳምንታት ስርጉድ አብራት ሠራች፤ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ከእንግዲህ ግን የመምህራኑን አረማመድ አታስመስልላትም፤ ቀልድ አትነግራትም። አንድ ነገር ባለች ቁጥር የአስተርጓሚዋን ከንፈር አተኩራ ታያለች፣ እስኪዘጋም ድረስ ዐይኗን አታነሣም። አስተርጓሚዋ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ አንድ ጊዜ አይደለም። "ገብቶኛል" ትላታለች ስርጉድ። ከዚያ ውጭ የምትጨምረው የለም።

የምረቃው ዕለት ጠዋት የስርጉድ አባት መጡ። የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ መኪናቸውን ከግቢው ውጭ አቁመው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መኝታ ቤቶቹ ፊት ቆመው ጠበቁ። ከልጃቸው ጋር የሚግባቡባቸው ምልክቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዪ፣ ተኚ፣ ነዪ፣ ጎበዝ። "ጎበዝ" የሚለውን ደጋግመው ካሳዩዋት በኋላ ወደ አስተርጓሚዋ ዞሩ።

"እንግዲህ መምህር ሆነችልኝ አይደል፣ እህቴ?"

አስተርጓሚዋ ጥያቄውን ለስርጉድ አደረሰች፤ የስርጉድንም እጅ ተከትላ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። "አልሆንኩም፣ አባዬ። ትምህርቱን ጨርሻለሁ፣ መምህር ግን አላደረጉኝም። ቤተ መጻሕፍት እንድሠራ ወረቀት ሰጥተውኛል።"

አባትየው ግራ ገብቷቸው አንዴ አፏን፣ አንዴ የልጃቸውን እጅ ተመለከቱ። "ለምን?"

ስርጉድ ለጥቂት ጊዜ እጇን አላነሣችም። አስተርጓሚዋ ጠበቀች። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ያ የሷ ተራ አልነበረም።

"ማን እንደተናገረ ማወቅ አልቻሉም" አለች ስርጉድ በመጨረሻ። አስተርጓሚዋም እንዳለ ለአባትየው ነገረቻቸው። ሰውየው አልገባቸውም፤ እንዳልገባቸው ፊታቸው ይናገራል፤ ግን ሌላ አልጠየቁም። የልጃቸውን ሻንጣ አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ስርጉድ ጥቂት እርምጃ ከተከተለቻቸው በኋላ ዞር አለችና "ለወንድምሽ ሰላም በይልኝ" አለቻት። የግቢው በር ላይ ስትደርስ አልዞረችም።

ከሰዓት በኋላ ከምረቃው ጋር የአብሮነት ቀን ተያይዞ ነበር። ስርጉድ መድረክ ላይ ወጥታ የኮሌጁን መዝሙር በምልክት እንድታቀርብ ታስቦ፣ እሷ "አልፈልግም" ብላ ሄዳለች። ኃላፊዋ አስተርጓሚዋን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። ደክሟታል፣ ዐይኗ ቀልቷል።

"አንቺ እንኳ መድረኩ ላይ ቁሚልኝ። ንግግሮቹን ተርጉሚ።"

"ለማን?"

ኃላፊዋ መልስ ፈለገች። "ይቀረጻል እኮ" አለች። "ለሚቀጥለው ዓመት ይረዳናል። ሰዎች ካዩት፣ ምናልባት... እንገፋዋለን።"

እምቢ ለማለት አሰበች። ኮንትራቷ የሚያልቀው በዚያው ወር ነው፤ ኃላፊዋም ከሰው ሁሉ ያዘነችላት ሴት ናት። ወጣችና በመድረኩ ጥግ፣ መብራቱ በሚያርፍበት ቦታ ቆመች። ዲኑ ማንም ወደ ኋላ እንዳይቀር ኮሌጁ ስለሚያደርገው ጥረት ይናገራሉ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ከመሃሉ ምልክት የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ጋሽ ዘጠና ዘጠኝ ከፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው እጇን በጥሞና ይከታተላሉ፤ አንድ ነገር ሊይዙ የሚሞክሩ ይመስላሉ።

እሷም ተረጎመች፣ እያንዳንዱን ቃል። ንግግሩ መሃል ላይ ሲደርስ እጆቿ ቆሙ። ለምን እንደቆሙ አላወቀችም። ዲኑ መናገራቸውን ቀጠሉ፣ ሰዉ ማዳመጡን ቀጠለ፤ ካሜራውን የያዘው ሰውም ዐይኑን ከካሜራው ላይ አላነሣም። ማንም አላስተዋለም። ጋሽ ዘጠና ዘጠኝ ብቻ የእጇ መቆምም ምልክት መስሏቸው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዝርግት አድርገው ጠበቁ።

ጥቂት ቆየችና፣ ዲኑ ከደረሱበት ቃል ጀምራ መተርጎሟን ቀጠለች።